የጀልባ ፓምፕ ውሃ አላወጣ ሲላችሁ፦ ከባትሪው እስከ ቱቦው ጫፍ ደረጃ በደረጃ

ክረምት ላይ ባሕር ዳር የጀልባ ማቆሚያው ጋ በጠዋት ብትሄዱ አንዱ በባልዲ ውሃ እየቀዳ ሲደፋ ታገኙታላችሁ፣ ምነው ፓምፕ የለህም ወይ ስትሉት "ተቃጥሏል" ይላችኋል። ብዙ ጊዜ ግን አልተቃጠለም። ወይ ኤሌክትሪኩ በደንብ አልደረሰውም፣ ወይ አፉ በቆሻሻ ታፍኗል፣ ወይ ደግሞ ፓምፑ ይዞራል ውሃው ግን መውጫ አጥቷል። ሦስቱም አዲስ ፓምፕ በመግዛት አይፈቱም፣ አዲሱን አምጥታችሁ እዛው የተበላ ሽቦ ላይ ብትቀጥሉት ትንሽ ሰንብቶ ያው ይሆናል፣ እቃው ደግሞ እዚህ እንደልብ አይገኝም። ስለዚ ፓምፑ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት በቅደም ተከተል እንየው።

የማወራው ስለ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ነው፣ የጀልባው ሆድ ውስጥ ወለሉ ላይ የምትቀመጠው፣ ታቿ ወንፊት ያላት፣ ወደ ዘጌ ወደ ክብራን ወደ እንጦስ የሚመላለሱት የፋይበርና የብረት ሞተር ጀልባዎች ላይ የምታዩዋት። ባለ ሸራ ጀልባም ላይ ሥራዋ ያው ነው፣ ልዩነቱ ጀልባው በንፋስ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ውሃውም ወደዛው ጎን ስለሚሸሽ ፓምፑ ባዶ ይቀራል፣ እሱን ብልሽት ነው ብላችሁ እንዳትፈቱት፣ ጀልባው ሲቃና እዩት።

መጀመሪያ ግን ይሄን

ሐይቁ መሃል ላይ ከሆናችሁ ፓምፕ መጠገኛ ሰዓት አይደለም። ተሳፋሪው ላይፍ ጃኬት ይልበስ፣ መሃል ላይ ተረጋግቶ ይቀመጥ፣ አንድ ሰው በባልዲ ይቅዳ፣ እናንተ ቅርብ ወደሆነው ዳር ንዱ። ጣና ደግሞ ታውቁታላችሁ ጠዋት ጸጥ ይልና ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ ወደ ደቅ የሚሄድ ሰው ፓምፑን ጠዋት ሳይነሳ ነው መሞከር ያለበት እንጂ ማዕበሉ ሲጀምር አይደለም።

ሁለተኛ ነገር ቤንዚን። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚ ወደ ላይ አይበንም፣ ወርዶ የጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፣ ፓምፑም ሽቦውም ያለው እዛው ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ በደንብ አናፍሱ፣ አሽትቱ፣ ሽታ ካለ ማብሪያ እንኳ አትንኩ፣ ሽቦ ስታነካኩ የምትወጣው ብልጭታ ትበቃለች። ሲጋራማ አልናገርም።

የሚያስፈልጋችሁ እቃ ብዙ አይደለም፦ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ የእጅ ባትሪ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ መጠባበቂያ ፊውዝ፣ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ። ቴስተር ከሌላችሁ ተዋሱ፣ ያለሱ ግምት ነው።

አሁን አብሩትና ስሙ

ማብሪያውን በእጅ አብሩት። ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው ወይ ፓምፑ ተጣብቋል። ድምፅ ካለ ግን ውጭ ውሃ ካልወጣ ችግሩ ወንፊቱ፣ ፋኑ (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው) ወይ ቱቦው ነው። በእጅ ሲበራ የሚሠራ ሆኖ አውቶማቲክ ላይ ካልተነሳ ፍሎቱ ነው፣ ውሃ ሲሞላ ተንሳፎ ፓምፑን በራሱ የሚያበራው ማብሪያ ማለት ነው። ይቺን መለየት ግማሽ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ግን እሷን ዘሎ ፓምፑን ነቅሎ ይፈታል።

ምንም ድምፅ ከሌለ

ፊውዙን አውጡና በቴስተር ለኩት፣ በዓይን ብቻ አትመኑ፣ ደህና መስሎ ውስጡ የተቆረጠ አለ። ፊውዙ የሚቀመጥበትን ቤትም እዩ፣ ፊውዙ ደህና ሆኖ ቤቱ ዝጎ የማያስተላልፍ ስንት አለ። ከተቃጠለ በዛው አምፔር ቀይሩት፣ ስንት እንደሆነ ፓምፑ ላይ ወይ አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሁለተኛውም ወዲያው ከተቃጠለ ግን ተዉ፣ ወይ ሽቦው ሾርት አድርጓል ወይ ፋኑ በሆነ ነገር ተይዟል። እዚህ ላይ ነው ተለቅ ያለ ፊውዝ የሚከቱ፣ ብሶ ተርፎ የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልለው የሚከቱ ሰዎች ያሉት። ፋኑ የተያዘ ፓምፕ ከወትሮው እጥፍ ድርብ ከረንት ይስባል፣ ፊውዙ ካልቆረጠው ሽቦው ይግላል፣ ሽቦው ሲግል ደግሞ ያለው ቅድም ትነት ይተኛል ያልናችሁ ቦታ ነው።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ባትሪውን ለኩ። ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ11.8 በታች ከወረደ ፓምፑን ትታችሁ ባትሪውን ቻርጅ አርጉ።

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ፓምፑ ዝም ካለ ወይ እየተጎተተ ከዞረ ዋናው ሥራ እዚህ ነው፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ፓምፑ ጋ ያለው የሽቦ መገጣጠሚያ ላይ ማብሪያው በርቶ ለኩ። "በርቶ" ያልኩት በምክንያት ነው፣ ጠፍቶ ወይ ፓምፑ ተነቅሎ ከለካችሁት አንዲት ቀጭን ክር ብቻ የቀረችው ሽቦ እንኳ 12 ቮልት ታሳያችኋለች፣ ምክንያቱም ቴስተሩ ምንም ከረንት አይስብም፣ ፓምፑ መሳብ ሲጀምር ነው ቮልቱ የሚወድቀው። ባትሪው ላይ 12.5 ሆኖ ፓምፑ ጋ 10.5 ካሳየ ሁለቱ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፣ ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካለ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እዩ። የት እንደጠፋ ለማወቅ ቀላል ነው፣ ቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ሌላውን ፓምፑ ፖዘቲቭ ላይ አርጉ፣ ፓምፑ በርቶ፣ ያነበባችሁት ቁጥር በፖዘቲቩ መስመር ላይ የጠፋው ነው። ኔጌቲቩንም እንደዛው። ሰው ሁሌ ቀዩን ሽቦ ይመረምራል፣ ጥቁሩን ማንም አያየውም፣ ችግሩ ግን ጥቁሩም ላይ እኩል ይኖራል።

አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት እዛው ታች፣ ሽቦው ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ ላይ ነው። ናስትሮውን ፍቱት፣ ከላይ ንጹሕ ይመስላል፣ ግን የሽቦውን ፕላስቲክ ጣት የምታህል ላጥ አርጉትና እዩ፣ መዳቡ አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ እንደ ዱቄት በጣታችሁ ላይ ይቀራል፣ ትንሽ ጎተት ስታረጉት ክሮቹ እየተቆረጡ ይመጣሉ። ጣና ጨው የለውም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ጨው ያፈጥነዋል እንጂ እርጥበትና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ካሉ መዳቡን መብላቱ አይቀርም። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ እየቆረጣችሁ ሂዱ፣ ካልደረሰ አዲስ ሽቦ ቀጥሉ፣ ለትንሽ ፓምፕ ለጥቂት ሜትር 2.5 ካሬ ሽቦ ይበቃል፣ የቤት ደረቁን ባለ አንድ ክር ሳይሆን ባለ ብዙ ክሩን፣ የጀልባ መንቀጥቀጥ ደረቁን ይሰብረዋል። መገጣጠሚያውን በፒንሳ በሚጨመቅ ተርሚናል ያዙት፣ ላዩ ላይ በሙቀት የሚሸበሸበውን ላስቲክ አልብሱት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አንጠልጥላችሁ እሰሩት። ናስትሮ ውሃን አይከለክልም፣ እንዲያውም የገባውን ይዞ ያቆየዋል።

ቀጥታ ባትሪ ላይ

ይሄ ሁሉ የሚያደክማችሁ ከሆነ አቋራጭ አለ፣ ከሱቅ በፊትም መደረግ ያለበት ፈተና ይሄ ነው። ፓምፑን ከሽቦው ነቅላችሁ ሁለቱን የራሱን ገመዶች ቀጥታ ባትሪ ላይ አስነኩ፣ ባለ ሁለት ገመዱ ላይ ብዙ ጊዜ ቡናማው ፖዘቲቭ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ባለ ሦስት ከሆነ ወረቀቱን እዩ። ባልዲ ውሃ ውስጥ አርጋችሁት እንጂ በደረቁ አይደለም፣ በደረቁ ሲዞር ማሸጊያው ይጎዳል። ከዞረ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አርጉ፣ ጥፋቱ ሽቦው ወይ ማብሪያው ነው። ካልዞረ ወንፊቱን አውልቁና ፋኑን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ተጣብቆ ከነበረ ይለቃል፣ ከዛ ድገሙት። አሁንም ዝም ካለ በቃ፣ አሁን ሞቷል ማለት ትችላላችሁ።

ገመዶቹን ገልብጣችሁ ካገናኛችሁ ደግሞ ይዞራል፣ ድምፁም ያለ ይመስላል፣ ግን ወደ ኋላ ስለሚዞር ውሃው ወይ አይወጣም ወይ እየተንጠባጠበ ነው። አዲስ ገጥማችሁ "ደካማ ፓምፕ ሸጡልኝ" ከማለታችሁ በፊት እሱን እዩ።

ይዞራል ግን ውሃ የለም

ወንፊቱን አውልቁ። ብዙዎቹ ሁለት ጎን ያለውን መያዣ ጨመቅ ስታረጉት ይወጣሉ። እዚህ ጣና ላይ የምታገኙት ያው ነው፦ የፌስታል ቁራጭ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ የጫት ቅጠል፣ የቆሎ ገለባ፣ የደንገል ቃጫ፣ ከሁሉ የባሰው ግን የእምቦጭ ሥር። እምቦጭ 2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የጀልባ ጣጣ ሆኗል፣ ሞተር ላይ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ ከመልህቅ ገመድና ከመረብ ጋ ተጎትቶ ጀልባ ውስጥ ይገባል፣ ሥሩ ደግሞ ጥቁርና ቀጭን ፀጉር የመሰለ ነው፣ ከወንፊቱ ያልፍና የፋኑ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል፣ ሳብ ስታረጉት ይበጠሳል እንጂ አይወጣም። በሹል ነገር ቆረጥ ቆረጥ እያረጋችሁ በፒንሳ ልቀሙት፣ ቀሪውን በጥርስ ብሩሽ። ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ ነው ታዲያ፣ አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ጣታችሁ ውስጥ እያለ ሊነሳ ይችላል።

ከዛ ፋኑን ያዙና ዘንጉ ላይ ይላወስ እንደሆነ እዩ፣ ሞተሩ ዞሮ ፋኑ ቆሞ ከቀረ ድምፅ ይኖራል ውሃ አይኖርም።

ወንፊቱ ንጹሕ፣ ፋኑ ደህና፣ ግን ውሃ ከሌለ አየር ይዞታል። ይሄ ፓምፕ ውሃን እየገፋ ነው የሚሠራው፣ አየር መምጠጥ አይችልም። ቱቦው መሃል ላይ ጎንበስ ብሎ እንደገና ወደ ላይ ከወጣ እዛ ጎንበስ ያለው ቦታ ላይ የድሮ ውሃ ይቀራል፣ ከታች ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ፓምፑ አየሩ ውስጥ በባዶ ይፈጫል። ለጊዜው ፓምፑን ውሃው ውስጥ እንዳለ ጎኑ ላይ አጋድሉት ወይ ቱቦውን ነቅላችሁ መልሱት፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል ከዛ ይይዛል። ለዘለቄታው ግን ቱቦውን ከፓምፑ እስከ መውጫው ሳይጎብጥ ከፍ እያለ እንዲወጣ አርጋችሁ እሰሩት፣ የተረፈውን ቁረጡት፣ "ይኑር ይጠቅማል" እያሉ ሁለት ሜትር ትርፍ ቱቦ ጠቅልለው የሚያስቀምጡ አሉ፣ አይጠቅምም። ውስጡ ሽንሽን የሆነውን ቱቦም ብትችሉ ለስላሳ በሆነው ቀይሩት፣ ሽንሽኑ ፍሰቱን ይቀንሰዋል፣ ቆሻሻም ይይዛል።

ቱቦው መሃል ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ብሎ አንድ ሰው ቫልቭ ገጥሞበት ከሆነ አውጡት። ከላይ ያለው ውሃ ተጭኖ ይዘጋዋል፣ ከታች አየር ካለ ይቺ ፓምፕ ልትከፍተው አቅም የላትም፣ ወይ ደግሞ ክዳኑ ላይ አንድ ገለባ ይቀመጥና ለዘለዓለም ተከፍቶ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ ትርፉ ድካም ነው።

መውጫ ቀዳዳውንም ከውጭ በኩል እዩ፣ ብዙ ጊዜ የቆመ ጀልባ ላይ ነፍሳት በጭቃ ይደፍኑታል። ፓምፑ እየሠራ ታች ሆድ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ከሰማችሁ ደግሞ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይ የቱቦው ማሰሪያ ክላምፑ ለቋል፣ ውሃውን ከሆድ ወደ ሆድ እያዞራችሁት ነው።

ፍሎት

ፍሎቱን በእጃችሁ ከፍ አርጉት፣ ፓምፑ ከተነሳ ፍሎቱ ይሠራል ግን ውሃው አያነሳውም፣ ወይ ዘይትና ጭቃ መገጣጠሚያውን ይዞታል፣ ወይ ራሱ ውስጡ ውሃ ገብቶ ከብዷል። እጠቡት፣ ነቅንቃችሁ የውሃ ድምፅ ከተሰማ ጣሉት። በእጅም ካልተነሳ ገመዶቹን ነቅላችሁ በቴስተር እዩት፣ ወደ ላይ ሲሆን ማገናኘት ወደ ታች ሲሆን መቁረጥ አለበት። አንዳንዱ ፓምፕ ፍሎት የለውም፣ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ለአፍታ ዞሮ ውሃ መኖሩን ራሱ ይሞክራል፣ ያ ብልሽት አይደለም።

የፍሎቱ መስመር በፊውዝ በኩል ቀጥታ ከባትሪ መምጣት አለበት፣ ዋናው ማብሪያ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ሌሊት ሲዘንብ ማንም አያወጣላችሁም። አምስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች ክፍት ጀልባ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 500 ሊትር ውሃ ነው፣ የሐምሌ አንድ ሌሊት ይሄን አያቅተውም። በተቃራኒው ፍሎቱ ወደ ላይ ተሰንቅሮ ከቀረ በ3 አምፔር የሚሠራ ፓምፕ ባለ 70 አምፔር ባትሪን በአንድ ቀን ድብን ያረገዋል፣ ጠዋት ቱሪስት ይዛችሁ ሞተሩ አይነሳም።

ፓምፑ ይሠራል ውሃው ግን አይቀንስም

መጀመሪያ መውጫው ከውሃ በላይ መሆኑን እዩ፣ ባዶ ጀልባ ላይ ሳይሆን ሰው ሞልቶ። ለበዓል ወደ ገዳማቱ ሰው ሲጫን የኋላው ይወርዳል፣ ዝቅ ብሎ የተበሳ መውጫ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ፓምፑ ሲቆም ሐይቁ በዛው ቱቦ ተመልሶ ይገባል። ቱቦውን ወደ ላይ ከፍ አርጎ አዙሮ አናቱ ላይ አየር ማስገቢያ ማድረግ ይቻላል፣ የተሻለው ግን መውጫውን ከፍ ማረግ ነው።

ቀጥሎ ውሃው ከየት እንደመጣ። ባሕር ላይ ያሉ ሰዎች ቀምሰው ጨው ከሆነ ከውጭ ነው ይላሉ፣ እኛ ጋ ዝናቡም ሐይቁም ጣዕሙ ያው ስለሆነ አይሠራም። ዝናብ በሌለበት ቀን ሆዱን በስፖንጅ አድርቁና ጀልባው ታስሮ አንድ ሰዓት ቆዩ። ደረቅ ከሆነ ሞተር አስነስታችሁ እዩት። ውስጥ ሞተር ያለው ጀልባ ላይ ዘንጉ የሚወጣበት ቦታ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ይጥላል፣ የተለመደው ፓኪንግ (ዘንጉ ዙሪያ የሚጠቀጠቀው ማሸጊያ) እንደዛ ነው፣ ሲቆም ግን መቆም አለበት፣ እየፈሰሰ ከሆነ ሁለቱን ብሎን እኩል እኩል ጥቂት አጥብቁ፣ ጨርሶ ደርቆ ከጋለ ደግሞ አላሉት።

ቀዳዳ ከሆነ ፓምፕ አያድናችሁም። ከውሃው ወለል 50 ሳንቲ ሜትር በታች ያለች 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ በደቂቃ 35 ሊትር ገደማ ታስገባለች፣ በሰዓት ከ2,000 ሊትር በላይ ነው። ካርቶኑ ላይ 500 ጂ ፒ ኤች (ጋሎን በሰዓት) የተጻፈበት ፓምፕ በሰዓት 1,900 ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ እሱም ያለ ቱቦ ያለ ከፍታ በሙሉ ቮልት ተለክቶ፣ ጀልባ ላይ ግማሹን ካወጣ ደግ ነው። ለሰው ማጓጓዣ ቢያንስ 1,100 ያለውን ግጠሙ፣ ባልዲውንም አትጣሉ።

ውሃው ላይ ናፍጣ ወይ ዘይት ተንሳፎ ካያችሁ አውቶማቲኩን አጥፉና በጨርቅ ወይ በስፖንጅ አንሱት፣ በጀሪካን ይዛችሁ ውጡ። ፓምፑ ዘይቱን ከውሃው አይለይም፣ እዛው ዓሣ የሚወጣበትና ሰው የሚቀዳበት ውሃ ላይ ነው የሚተፋው፣ ጣና ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው።

ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ፓምፑ ስንት እንደሚያወጣ ለኩት። ሆዱ ውስጥ በቂ ውሃ አርጉ፣ መውጫው ስር የ20 ሊትሩን ባልዲ ያዙ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 1,100 የተጻፈበት ፓምፕ በወረቀት ላይ በ17 ሰከንድ ገደማ ይሞላዋል፣ በእውነት ግን ከ30 እስከ 35 ሰከንድ ከሞላው ጥሩ ነው። ደቂቃ ካለፈው ፓምፑ በርቶ እያለ እንደገና ቮልቱን ለኩ፣ ቮልቱ ደህና ከሆነ ወደ ቱቦው ተመለሱ።